ከጎንደር የዘፈን ቤት እስከ ቺካጎ መድረክ፦ የረዳት ተዋናይ ታሪክ

በጎንደሩ ፋሲል ግቢ፣ ከአፄ ፋሲለደስ ግንብ ወደ ሰሜን ሲዘለቅ፣ አፄ ዳዊት ሦስተኛ ያሠሩት የዘፈን ቤት ይገኛል። ዳዊት የነገሡት ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. ለአምስት ዓመት ብቻ ነው። በዚያች አጭር ዘመናቸው ለግቢው የጨመሩት ይህ አዳራሽ ለበዓል፣ ለዘፈንና ለጨዋታ የቆመ ነበር፤ ለራሳቸውም «ዘፋኙ ዳዊት» የሚል ስም አትርፎላቸዋል። ንጉሥ ለጨዋታ ሰዎች በድንጋይና በኖራ ቤት ማነጹ ትልቅ ነገር ነው፤ የኢትዮጵያ የመድረክ ታሪክ ሲተረክም ከዚህ አዳራሽ ቢጀመር የሚያስነቅፍ አይሆንም።

ዙፋኑን የወረሱት ወንድማቸው አፄ በካፋ ደግሞ ራሳቸው ተዋናይ ነበሩ ማለት ይቻላል። የተራ ሰው ልብስ ለብሰው፣ ማንነታቸውን ሰውረው በየአገሩ እንደሚዞሩ ይነገርላቸው ነበር። ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ ጎንደር የደረሰው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስም ይህንኑ ወሬ ሰምቶ ጽፎታል። እንደ ትውፊቱ ከሆነ ከእነዚህ ጉዞዎች በአንዱ ቋራ ላይ ታመው በእንግድነት ያረፉበት ቤት ልጅ ናት ኋላ እቴጌ ምንትዋብ የሆነችው። ንጉሡ የድሃ መንገደኛ ሆኖ ሲጫወት የሚሰማው ቃል ዙፋን ላይ ተቀምጦ ሊሰማው የማይችለው ነው። የተናቀ ሰው የሚያየውንና የሚሰማውን ባለ ሥልጣን አያገኘውም። ይህ ሐሳብ ከጎንደር ጨዋታ ጋር ረጅም ዕድሜ ኖሯል።

የዕለት ተዕለቱ ተዋናይ ግን አዝማሪው ነው። ከጎንደር ከተማ ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው ቡርባክስ በአዝማሪዎች መንደርነት የታወቀ ነው። ልጆች ማሲንቆውን ከአባትና ከአጎት ይማራሉ፤ ከዚያ ወደ ሠርግ ቤት፣ ወደ ጠጅ ቤት፣ ወደ ከተማ ይወጣሉ። የሙያ ጓደኞች በአድማጭ ፊት ሌላው ሳይገባው የሚግባቡበት የራሳቸው ቋንቋም አላቸው፤ የሴማዊ ቋንቋዎች ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ካጠናቸው የኢትዮጵያ የሙያ ቋንቋዎች አንዱ ይኸው ነው። መድረክ ላይ ሳሉ ስለ እንግዳው ኪስና ስለ ባለቤቱ ስሜት የሚመካከሩ ሰዎች ትወናን ከማንም ትምህርት ቤት መማር አላስፈለጋቸውም።

አዝማሪ በአንድ ምሽት ብዙ ሰው ይሆናል። አንዴ አፍቃሪ ነው፣ አንዴ ፎካሪ፣ አንዴ ከመሬቱ የተነቀለ ገበሬ፣ አንዴ ደግሞ እንግዳውን እያሞገሰ ንፍገቱን የሚያጋልጥ ተረበኛ። ከአድማጭ መካከል አንዱ «ተቀበል!» ይልና ስንኝ ይሰጠዋል፤ እሱም ተቀብሎ፣ አሳምሮ፣ በማሲንቆው አጅቦ ይመልሰዋል። የሌላውን ሰው ነገር በራሱ አፍ ይናገራል። ይህ በየትም አገር ያለ ተዋናይ የሚያደርገው ነው። ልዩነቱ አዝማሪው ለተናገረው የሚጠየቀው በራሱ ነፍስ መሆኑ ነው።

ደግሞም ተጠይቆበታል። በ1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ የቋራው ካሣ ኃይሉና ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ሊዋጉ ሲሰለፉ፣ የጎሹ አዝማሪ ካሣን በግጥም አንቋሸሸ። ካሣ ድል አደረገ፤ አዝማሪውም ተይዞ ቀረበና በዚያው ስድቡ ሕይወቱን አጣ። ካሣ ከጥቂት ዓመት በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ በኋላ ደግሞ የኢጣሊያው እንደራሴ ግራዚያኒ ጠንቋዮችንና ባሕታውያንን ሲያሳድድ አዝማሪዎችንም አብሮ እንዲረሸኑ አዘዘ፤ ከቦታ ቦታ እየዞሩ ወሬ የሚያቀብሉና ሕዝብ የሚያነሣሡ ናቸው በሚል ነው። ወራሪው የፈራው ባለ ጠመንጃውን ብቻ አልነበረም።

ጎንደር በኢትዮጵያ የመጨረሻዋ የኢጣሊያ ምሽግ ነበረች። ጄኔራል ናዚ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ጦርነት ከወጡት አርበኞች አንዱ አባ ገሪማ ታፈረ ይባላሉ። የጎንደርን አርበኞች ተጋድሎ የመዘገቡበት «ጎንደሬ በጋሻው» ዛሬም የዚያን ዘመን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የሚያገላብጡት መጽሐፍ ነው። ገሪማ ግን ታሪክ ጸሐፊ ብቻ አልነበሩም። ተውኔት ይደርሱ፣ ተዋንያን ይሰበስቡ፣ ገጠሩንም እየዞሩ ያሳዩ ነበር። ብዙዎቹ ተውኔቶች ታሪካዊ ነበሩ፤ ተመልካቹም ያ ታሪክ ሲሠራ በዓይኑ ያየ ሰው ነው።

በዚያን ጊዜ ዘመናዊ ቴአትር በአዲስ አበባም ቢሆን ሥር የሰደደ አልነበረም። የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመዲያ» ከታየ ከ1913 ዓ.ም. ወዲህ የተቆጠረው ገና ጥቂት አሥርት ዓመት ነው። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር በጦርነቱ ተቋርጦ እንደገና ሲነሣ መድረኩን የሞሉት በአብዛኛው ዘፋኞችና የማሲንቆና የክራር ተጫዋቾች ነበሩ። ሴት ተዋናይ ስላልነበረች ወንዶች ቀሚስ ለብሰው ይጫወቱ ነበር፤ ከእነዚህ አንዱ ኋላ መላው አገር አባባ ተስፋዬ ብሎ የጠራቸው ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው። «ጎንደሬው ገብረ ማርያም»ን፣ «ቴዎድሮስ»ንና «ኦቴሎ»ን ጨምሮ በብዙ ተውኔቶች ተሳትፈዋል። ሕዝቡ የሚያውቃቸው ግን ቴሌቪዥን ከተጀመረ በኋላ ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ባወሩበት ወንበር ላይ ነው። በአንድ ተረት ውስጥ ጅብም አሮጊትም ንጉሥም ሆነው መናገር ይችሉበት ነበር። ያን ጥበብ የሰጣቸው በየመድረኩ ትንሽ ትልቅ ሳይሉ የተጫወቱት ሚና ነው።

ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክም እንዲሁ ነው። ለአንድ ልብ ወለድ ሕዝብ ሁሉ አንድ ጉሮሮ ሆነለት።

የአባ ገሪማ ልጅ፣ ኋላ ፊልም ሠሪ የሆኑት ኃይሌ ገሪማ በ1938 ዓ.ም. ጎንደር ሲወለዱ ወደዚህ ዓለም ነው የመጡት። እናታቸው አስተማሪ ነበሩ፤ አያታቸው ምድጃ ዳር ተረት ያወሩላቸው ነበር፤ አባታቸው ደግሞ ልጁን በተዋንያን ቡድናቸው ውስጥ አሰልፈው አጫወቱት። በሌላ በኩል ከተማው ሲኒማ ነበረው። በዚያ የሚታዩት የሆሊውድ ፊልሞች ነበሩ፤ ኃይሌም የዕድሜ እኩዮቻቸውም ከታርዛንና ከካውቦዩ ጎን ቆመው በአፍሪካውያኑና በቀይ ሕንዶቹ ላይ ይጮኹ እንደነበር ኋላ ደጋግመው በቁጭት ተናግረዋል። በአባቱ ተውኔት ኢጣሊያን የሚዋጋ ልጅ በሲኒማው አዳራሽ ለጠላቱ ያጨበጭባል። ይህ ቁጭት የኃይሌን ሥራ ሁሉ የሚያስረዳ ይመስላል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ተሻግረው ቺካጎ በሚገኘው የጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ትወና ማጥናት ጀመሩ። እዚያ የገጠማቸው ግን የጎንደር መድረክ ያላዘጋጃቸው ነገር ነበር፦ ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ሚና በአብዛኛው የአጎንባሽ፣ የአሽከር፣ የታዛዥ ነው።

ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ጉዳይ አይደለም። በአሜሪካ ረዳት ተዋናይነት ራሱን የቻለ የተከበረ ሙያ ነው። ከ1955 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. የታየው «ገንስሞክ» የተባለ ተከታታይ ድራማ 635 ክፍል ነበረው፤ ሚልበርን ስቶን ከመጀመሪያው ዓመት እስከ መጨረሻው የከተማዋን ሐኪም ሆኖ ተጫውቶ ኑሮውን ገፋ፣ በ1968ም ኤሚ ተሸለመበት። ኋላም «ሎው ኤንድ ኦርደር» በኒውዮርክ ለሃያ ዓመት ሲቀረጽ የከተማዋ የቴአትር ተዋንያን ማታ መድረክ ላይ፣ ቀን ካሜራ ፊት ምስክር፣ ጠበቃ ወይም ተጠርጣሪ እየሆኑ የቤት ኪራያቸውን ከፍለዋል። ከኋላቸውም ከ1913 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቆመ የመድረክ ተዋንያን ማኅበርና በ1933 የተመሠረተ የፊልም ተዋንያን ማኅበር ነበራቸው። የኢትዮጵያ መንግሥታዊ ቴአትር ቤቶች ለተዋናዩ የወር ደመወዝ ሲከፍሉት፣ የአሜሪካው በየሚናው እየተዋዋለ ያድራል፤ በሕይወት የሚያቆየውም ሐኪምም ዳኛም ሌባም መሆን መቻሉ ነው።

ይህ ስፋት ግን ለጥቁሩ ተዋናይ አልተፈቀደም። ሃቲ ማክዳንኤል እ.ኤ.አ. በ1940 ኦስካር በመሸለም የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሆነች፤ ሽልማቱን ያገኘችው በረዳት ተዋናይነት፣ የቤት አገልጋይ ሆና በተጫወተችበት «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ነው። በዚያች ምሽት ከፊልሙ ባልደረቦች ተለይታ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የሚቀርብላት ሚና ያው አገልጋይነት ነበር። ኃይሌ ቺካጎ በነበሩበት በ1968 እ.ኤ.አ. ዳያን ካሮል «ጁሊያ» በተባለው ድራማ ነርስ ሆና ስትቀርብ፣ ጥቁር ሴት አገልጋይ ሳትሆን የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ መሪ ተዋናይ መሆኗ እንደ ብርቅ ታየ። ችሎታ አልጠፋም ነበር፤ የጠፋው ደራሲውና አዘጋጁ ለዚያ ችሎታ የሚጽፉት ሰው ነው።

ኃይሌ ትወናውን ተዉት። ተዋናይ ሆነው ቢቀጥሉ ምናልባት ዛሬ በአንድ የወንጀል ድራማ ጥግ የሚታይ ጥሩ ፊት ይሆኑ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሎስ አንጀለስ ሄደው በዩሲኤልኤ ፊልም ተማሩ፤ ቻርልስ በርኔትንና ጁሊ ዳሽን ካፈራው የጥቁር ፊልም ሠሪዎች ትውልድ ጋርም ተቀላቀሉ። «ቡሽ ማማ» በተባለው ፊልማቸው ባርብራ ጆንስ ዶሮቲ የተባለች፣ ከመንግሥት ድጎማ ቢሮ ወረፋ የማትወጣ እናት ሆና ትጫወታለች። በሆሊውድ ፊልም ይህች ሴት ብትገኝ ለአንድ ደቂቃ በር ከፍታ የምትወጣ ነበረች። እዚህ ታሪኩ የሷ ነው። የፊልሙ መክፈቻ ላይ የሎስ አንጀለስ ፖሊሶች ሲያስቸግሩ የሚታዩት እውነተኛ የፊልሙ ሠራተኞችን ነው።

ከሁሉ ይልቅ የጎንደር ጨዋታ የሚሸተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሚወርዱበት ዓመት፣ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ በጥቁርና ነጭ ተቀረጸ፤ አብዛኞቹ ተጫዋቾችም ሙያተኛ ተዋንያን አልነበሩም። የፊልሙ ወሬ የባላባትና የጭሰኛ ነው። ነገር ግን ተመልካች የማይረሳው ከበበን ነው፤ መሬቱን ተነጥቆ እብድ የተባለ፣ በየመንገዱ እየተናገረ የሚዞር የቀድሞ አርበኛ። ባላባቱ ላይ ማንም የማይደፍረውን ቃል የሚናገረው እሱ ነው፤ መጨረሻ ላይ እጁን የሚያነሣበትም እሱ ነው። ከበበ ማሲንቆ አልያዘም እንጂ ነገረ ሥራው የአዝማሪ ነው። የባለ ሥልጣኑን ነውር ለመናገር የተናቀ ሰው መሆን እንደሚበጅ የጎንደር ሰው ለኃይሌ ማስተማር አላስፈለገውም።

ከዚያ በኋላም ይህ መንገድ አልተቋረጠም። «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» ላይ ከቬትናም የተመለሰውን ወታደር ወደ ራሱ የምትመልሰው ተረት አዋቂ አያቱ ናት። «ሳንኮፋ» በ1993 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ከጋና ታላቁ የከበሮ ሰው ኮፊ ጋናባን፣ ከጃማይካ ገጣሚው ሙታባሩካን አሰልፏል። የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን ሳይቀበሉት ሲቀሩ ኃይሌና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ከከተማ ወደ ከተማ ይዘውት ዞሩ። አባ ገሪማ ተውኔታቸውን ይዘው በጎንደር ገጠር ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

በ2008 እ.ኤ.አ. «ጤዛ» ቬኒስ ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት አገኘ፤ በማግሥቱ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮን ታላቅ ሽልማት ወሰደ። አሮን አረፈ ከጀርመን ተመልሶ ጣና ዳር ወዳለ መንደሩ የሚገባውን ሐኪም አንበርብርን ሆኖ መሪውን ሚና ይይዛል። ይሁንና ፊልሙን የሚሸከሙት በዙሪያው ያሉት ናቸው፦ ተከለች በየነ የተጫወተቻት፣ ብዙ የማትናገረው እናት፣ ከወታደር አፈሳ የሚሸሹት የመንደሩ ልጆች። አንበርብር የማስታወስ ኃይሉ ተሰባብሮ ሲመለስ የሚጠግነው የእነሱ ድምፅ ነው።

ረዳት ተዋናይ ታሪክን እንደሚሸከም የአዲስ አበባ ቴሌቪዥንም በራሱ መንገድ ተምሯል። «ሰው ለሰው» የተባለው ተከታታይ ድራማ በየሳምንቱ ሲታይ ቤተሰብ ተሰብስቦ የሚያወራው ስለ አፍቃሪዎቹ ብቻ ሳይሆን አበበ ባልቻ ስለተጫወተው ስለ አስናቀ ነበር፤ የክፉ ሰው ሚና በመድረክ ለበሰለ ተዋናይ ምን ያህል ሜዳ እንደሚሰጥ ያኔ ታየ። በጎንደርም ማሲንቆው አልቆመም። ከቡርባክስ የተነሡ ወጣቶች በከተማው የባህል ምሽት ቤቶች ይጫወታሉ፤ ከእነሱም አዲስ አበባ የሚገቡ፣ ባሕር የሚሻገሩ አሉ።

ኃይሌ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለአሥርት ዓመታት ፊልም አስተምረዋል፤ ከዩኒቨርሲቲው ፊት ለፊትም በጆርጂያ ጎዳና ሳንኮፋ የተባለ የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከባለቤታቸው ጋር ከፍተዋል። ከሁሉ ይልቅ ረጅም ዓመት የደከሙበት ሥራ ስለ ጣሊያን ወረራ የሚተርከው፣ ጥቁር አንበሶችንና የሮማ ተኩላዎችን በስሙ ያነሣው ዘጋቢ ፊልም ነው። በዚህ ፊልም የሚናገሩት በዕድሜ የገፉ አርበኞች ናቸው፤ የሚተርኩትም አባ ገሪማ ታፈረ ቀደም ብለው በመጽሐፍም በመድረክም የያዙትን ጉዳይ ነው።