ባቡር የሠራው ሰፈር

ወልድያ ላይ ከባቡሩ የሚቀድመው ወሬው ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ በኩል ሐራ ገበያ ይደርሳል የተባለው መስመር ግንባታው የተጀመረው በ2007 ዓ.ም. ነው። እኛም "መጣ፣ ሊመጣ ነው" እየተባልን አደግን፤ ፉጨቱን ግን እስካሁን አልሰማነውም። እስኪመጣ ድረስ፣ ባቡር መጥቶ የሄደበትን ሰፈር አይተን ብንጠብቅ ምን ይመስላችኋል? እንግዲያውስ ድሬዳዋ፣ ከዚራ እንሂድ።

አጼ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነበር። ከጅቡቲ የሚነሳው ሐዲድ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር፤ ተራራው ግን ወጪውን አናረው። ስለዚህ ባቡሩ ሐረርን ወደ ጎን ትቶ በቆላው ሄደና በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ደቻቱ ወንዝ ዳር ደረሰ። በቦታው የበቀለችው ከተማ መጀመሪያ "አዲስ ሐረር" ተባለች፤ የጸናላት ስም ግን ድሬዳዋ ነው። ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ ሐዲዱም አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከድሬዳዋ እስኪያልፍ ድረስ የባቡሩ ዕቃ የሚራገፈው እዚያው ነበርና ከተማዋ በዚሁ ደለበች።

ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንዱ በኩል ገበያው መጋላ፣ በሌላው የባቡር ሰዎች ሰፈር ከዚራ። ከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ የዛፍ ጥላ፣ ጣቢያውና የጥገና ወርክሾፑ ያሉበት ነው። የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር፣ የድሬ መካኒክ ብሎን ሲፈታም በፈረንሳይኛ ነበር የሚግባባው። እኛን የሚያስቀናን ይሄ ነው፤ ባቡሩ መንገደኛ ብቻ ሳይሆን ሙያተኛም አመጣ።

ከዚያስ? የጭነት መኪናው በረከተ፣ ሐዲዱ አረጀ፣ የአዲስ አበባ – ድሬዳዋ ጉዞ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቆመ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ሲጀምር ጣቢያው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ አሮጌው ባቡር በአዲሱ መንገድ ልሂድ ቢል እንኳ አይችልም። ከዚራ ግን አልሞተችም። ዛሬም ጥላዋ ስር ቡና ይጠጣል፣ ባጃጅ ይርመሰመሳል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ በአንድ ወግ ውስጥ ይቀላቀላሉ። የጠፋው ወሬና ጨዋታው አይደለም፤ በየማለዳው ሰውን ወደ ወርክሾፑ የሚጠራው ሥራ ነው።

ወደ ሐራ ገበያ እንመለስ። እኛ ስለ ባቡሩ የምንጠይቀው "መቼ ይመጣል?" ብቻ ነው። ከዚራ ግን ሌላ ጥያቄ ታስተምረናለች፦ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? የመርሳና የውርጌሳ ልጅ መፍቻ ይዞ ከሥሩ ካልገባ፣ ባቡሩ አቧራ አልብሶን የሚያልፍ ሌላ መኪና ነው። ፉጨቱን እየጠበቅን ሙያውን ብንጀምርስ?