ልዋጭ

አዳማ ውስጥ ጠዋት ጠዋት በየሰፈሩ የሚሰማ አንድ ጥሪ አለ፤ «ልዋጭ!» ይላል። መካከሉ ላይ ይረዝማል፣ መጨረሻው ላይ ይቆረጣል፤ ከሦስት ቤት ወዲያ ሆኖ ማን እንደመጣ ያስለያል። እኔ ይህን ዜማ እለዋለሁ። ጠሪው ሳፋ፣ ጆግና ብርጭቆ ተሸክሞ ይዞራል፤ በምትኩ የጠበበ ሱሪ፣ ኮሌታው ያለቀ ሸሚዝ፣ የልጅ ጫማ ይቀበላል። ክርክሩ የታወቀ ነው፤ «ለዚህ ሁሉ ልብስ አንድ ሳፋ ብቻ?» ልብሱ ታጥቦና ተጠግኖ ሌላ ገላ ላይ ይውላል። ልብስን መልሶ መጠቀም የዘመቻ መፈክር ከመሆኑ በፊት ነገሩን በጉሮሯቸው ያስተማሩን እነዚህ ሰዎች ናቸው።

በአገራችን ዜማና ልብስ ዝምድናቸው የቆየ ነው። «ሸለመ» የሚለው ቃል ራሱ ማስጌጥ ማለት ነው። አዝማሪ ባላባቱን አወድሶ ሸማ ወይም ካባ ይሸለም ነበር። ላሊበሎች ጎህ ሳይቀድ በየደጁ ሲያዜሙ ከእንጀራውና ከሳንቲሙ ጋር አሮጌ ልብስ ይሰጣቸዋል። ድሮ ልብስ ይከበር የነበረው ድካሙ ስለሚታወቅ ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ከዚያ ሸማኔው ዘንድ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ያየች እናት ጋቢ አትጥልም። ሲያረጅ የሌሊት ልብስ ይሆናል፣ ቀጥሎ የሕፃን መጠቅለያ፣ በመጨረሻም መወልወያ። ኮት ልብስ ሰፊ ዘንድ ይገለበጣል፤ ሹራብ ተተርትሮ እንደገና ይሠራል።

ኋላ ግን ከውጭ የመጣው አቡጀዲ የፈትሉን ዋጋ ቀነሰው። ባቡሩ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 አዲስ አበባ ሲደርስ አዳማ የመንገዱ ጣቢያ ሆነች። ድሬዳዋ በጣልያን ወረራ ዘመን የጥጥ ፋብሪካ ተተከለላት፤ ነዋሪው እስከ ዛሬ «ኮተኒ» ይለዋል። ድምፃዊው አሊ ቢራና የአፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን የወጡትም ከዚያች ከተማ ነው። አሊ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ አረፈ። ዘፈኑም ልብሱም በአንድ መስመር ተጉዘው እዚህ የደረሱ ይመስለኛል።

ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ሙዚቀኞች ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ዘፈኑ። የሙዚቃ ድምፅ ከሩቅ እጅ እንደሚያዘረጋ ያን ቀን ታየ። ሌላ ጊዜ ግን ከሩቅ የሚመጣው ልባሽ ጨርቅ ነው፤ እኛ ሳልቫጅ የምንለው። ለንግድ ማስገባቱ የተከለከለ ነው፤ በምሥራቅ በኩል በኮንትሮባንድ መግባቱ ግን አልቆመም። ክልከላው ፋብሪካን ለመጠበቅ ነው፣ ተገቢም ነው እላለሁ። ግን በሳልቫጅ ልጆቿን ያለበሰችን እናት ለመውቀስ አፌ አይከፈትም።

ሐዋሳ በ2008፣ አዳማ በ2011 የኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀላቸው። በታኅሣሥ 2014 አገሪቱ አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል ስትሰረዝ የስፌት ሠራተኞቹ ተጎዱ። በፋብሪካ ልብስ ሲቆረጥ ቁርጥራጭ መውደቁ አይቀርም፤ አሁን እዚህ ላይ ነው የድሮው ጥበብ የሚያንሰን። የእናታችን ጋቢ ጥጥ ብቻ ነበር። የዛሬው ሸሚዝ ጥጥና ፖሊስተር አንድ ላይ የተፈተለበት ስለሆነ ለመለየት ያስቸግራል፤ ፖሊስተሩ አይበሰብስም። በማሽን ቢፈጭ ክሩ ያጥራል፣ ይደክማል፤ ለመፈተል አዲስ ጥጥ ሊደባለቅበት ይገባል። የተጣለው ጨርቅ ከፌስታል ጋር ቦይ ይዘጋል፤ አዳማ በኮረብታ የተከበበች ስለሆነች ክረምት ሲገባ ጎርፉ ወደ መሐል ከተማ ይወርዳል።

የአዳማ ሙዚቀኛ በኦሮምኛም በአማርኛም ያዜማል፤ ሠርግ ላይ የተዘፈነ በማግስቱ ባጃጅ ውስጥ ይሰማል። ስለ ልብስ ቢዘፍን ከልዋጩ ጥሪ እንዲነሳ እመኛለሁ፤ ዜማው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፣ ሕዝቡም በቃሉ ያውቀዋል። ከዚያ ድምፁን ተከትሎ እስከ ማታ ይሂድ። ጠዋት ሰፈር ሲገባ ሸክሙ ፕላስቲክ ነበር፤ ማታ ሲወጣ ጨርቅ ነው።