ጣዝማ ሲቆፈር ማሩ ብቻ አይደለም የሚወጣው

ባምብልቢ የሚባለው ፀጉራም የዱር ንብ ኢትዮጵያ ውስጥ የለም፤ አፍሪካ ላይ ያለው ሰሜኑ ጫፍ፣ እነ ሞሮኮ ጋ ነው። ደሴ ላይ የቤታችንን እንጨት የሚበሳው ትልቁ ጥቁር ንብም እሱ አይደለም።

እኛን የሚያሳስበን ጣዝማ ነው። የማይነድፍ፣ መሬት ውስጥ የሚኖር ትንሽ ንብ ነው። ማሩን ለሳልና ለጉንፋን ብለን እንፈልገዋለን። የሚገኘው ግን ጎጆው ተቆፍሮ ነው፤ ብዙ ጊዜ መንጋውም አብሮ ያልቃል።

ጉዳቱ እዚያ አያበቃም። ንብ ላይ ያልዳበረ እንቁላል ወንድ፣ የዳበረ ደግሞ ሴት ይሆናል። መንጋ ሲመናመን ዘመዳሞች ይዳቀላሉ። ያኔ ፆታ የሚወስነው ዘረመል ስለሚመሳሰል ከዳበረው እንቁላልም ሥራ የማይሠራ ወንድ ይፈለፈላል፤ ሠራተኛ ያጣ መንጋ ደግሞ ይከስማል። ባምብልቢንም የሚያሰጋው ይኸው ነው።

የሆለታ ንብ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎች ጣዝማን ከመሬት አውጥተው በቀፎ ማርባትን ሞክረዋል። ይህ ሙያ ደሴ ዙሪያ ላሉ ማር ቆፋሪዎችም ቢደርስ እንላለን።