ካብ ለካብ

ሐዋሳ ከብዙዎቹ አያቶቻችን የምታንስ ከተማ ናት። ቦታው አዳሬ ሲባል የኖረ የሲዳማ ከብት መዋያ ነበር፤ ከተማ ሆኖ የተቆረቆረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ እሑድ ልጆቹን ይዞ የሚወጣ የሐዋሳ ቤተሰብ መድረሻው ይታወቃል፦ አሞራ ገደል፣ አሳ፣ አባ ኮዳ፣ ጀልባ። ክፋት የለውም። ግን ልጅ ዐሥር ዓመት ሲሞላው "ድሮ ሰዎች ምን ይሠሩ ነበር?" ማለት ይጀምራል፤ ለዚህ ደግሞ ትንሽ ራቅ ማለት ያስፈልጋል። ወደ ደቡብ ከሄዳችሁ በመስከረም 2016 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጌዴኦ ምድር ከትክል ድንጋዮቹ ጋር አለላችሁ። እኔ ዛሬ የማወራው ግን በሌላ አቅጣጫ ስላለው፣ ስለ ዳውሮው የካቲ ሃላላ ኬላ ነው።

"ካቲ" በዳውሮኛ ንጉሥ ማለት ነው። ሃላላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ19ኛው መግቢያ ገደማ የነገሠ ሲሆን፣ በኦሞና በጎጀብ ወንዞች በኩል ያለውን ወሰኑን ያስከበረው በድንጋይ ካብ ነው። ጭቃ የለው፣ ኖራ የለው፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ። ርዝመቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ይነገራል። መቼም "ሃላላ ሠራው" እንላለን እንጂ የተሸከመው ገበሬው ነው።

በአማርኛችን ኬላ ስንል ገመድ የተወጠረበት፣ ጭነት የሚፈተሽበት፣ ቀረጥ የሚከፈልበት ቦታ ነው። ዳውሮዎች ኬላ የሚሉት ግን ካቡን ራሱን ነው። አንዱ በሩን አየ፣ ሌላው ግድግዳውን። ልጆች ይህን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ በተለይ በመንገድ ላይ ሁለት ሦስት ኬላ ቆመው ተሰላችተው ከሆነ።

ችግሩ የሚመጣው ካቡ ጋ ከተደረሰ በኋላ ነው። አስጎብኚ "ጠላትን ለመከላከል" ይላል፤ ልጁ ወዲያው "ጠላቱ ማን ነበር?" ይላል። አባት ጉሮሮውን ይጠራርጋል። እናት ውኃ ታቀርባለች። እንዴት አይጨነቁ! ጠላት የተባለው ጎረቤት ነው፦ ወላይታው፣ ካፋው፣ ሌላውም። የሐዋሳ ልጅ ደግሞ ከወላይታ ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጣል፤ ምናልባትም እናቱ ራሷ ወላይታ ናት።

እኔ አይደበቅ ባይ ነኝ። ግን ግማሹን ብቻ አትንገሩት። ወላይታም የራሱ ካብና ቦይ ነበረው። ካፋም በጥልቅ ቦይና በዘበኛ በሚጠበቅ በር የታጠረ መንግሥት ነበር፤ የውጭ ነጋዴ እንዳሻው አይገባም። በዚያ ዘመን የደቡቡ ሰው ከጦር እኩል ባሪያ ፈንጋይን ይፈራ ስለነበር ካብ ለካብ መተያየት ተረት አልነበረም፤ ቃል በቃል ነበር። ሁሉም ሁሉን ይፈራ ነበር ቢባል ልጅ ይገባዋል። የማይገባው "እኛ ጀግና፣ እነሱ ጠላት" ተብሎ ነገ ትምህርት ቤት ሲሄድ ነው።

እንግሊዞችም ይህ ጣጣ አለባቸው። ሮማዊው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን እ.ኤ.አ. በ122 ያስጀመረው ግንብ 117 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በእያንዳንዱ የሮማ ማይል በር ያለው ትንሽ ምሽግ ነበረበት። ዛሬ ቤተሰብ ምሳውን ቋጥሮ፣ ልጁን ጫንቃው ላይ አድርጎ ዳር ዳሩን ይጓዛል። ብዙ ሰው የስኮትላንድ ወሰን ይመስለዋል። አይደለም፤ ግንቡ ሙሉ በሙሉ እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ ወሰኑ ወደ ሰሜን ሄዷል። ድንጋዩ ከቆመበት አልተነቃነቀም።

እኛስ? ከሐዋሳ በሻሸመኔ፣ በሃላባ ቁሊቶና በወላይታ ሶዶ አድርጎ ታርጫ የሚገባ ሰው ዛሬ አምስት ክልል ይረግጣል፦ ሲዳማ፣ ኦሮሚያ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ ምዕራብ። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ ከሻሸመኔ በኩል ካለችው የኦሮሚያ መሬት በቀር መንገዱ በአንድ ክልል ውስጥ ነበር፤ ዋና ከተማውም ሐዋሳ ራሷ። ሲዳማ በሰኔ 2012፣ ደቡብ ምዕራብ በኅዳር 2014፣ የቀሩት ሁለቱ በነሐሴ 2015 ለየብቻ ቆሙ። መስመሩ በአራት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሰምሯል። እና አባት ሆይ፣ ልጅህ "ይኼ ካብ የአሁኑ ክልል ወሰን ነው?" ካለህ "አይ፣ ያኛው የሃላላ ነው" በለው፤ ሁለቱን አንድ አድርገህ አታስተምረው።

አሁን በገበታ ለሀገር የተሠራው የሃላላ ኬላ ሪዞርት ከጊቤ ሦስት ግድብ ሐይቅ ዳር ስላለ ብዙ ሰው ስሙን አውቆታል። ስሙን እንጂ ካቡን አላልኩም! ሐይቁን ፎቶ አንስቶ የሚመለስ አለ። ለደርሶ መልስ አንድ ቀን አይበቃም፤ ሶዶ ማደር ይሻላል። ክረምት አትሂዱ፣ ልጆቹን ጠንካራ ጫማ አድርጉላቸው። ካቡ ላይ አያውጧቸው፤ ኖራ የሌለው ካብ አንድ ድንጋይ ሲነሣበት ጎረቤቱ ይላላል። እንግሊዞች በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የወታደር መንገድ ሲሠሩ የሃድሪያንን ግንብ እያፈረሱ ነው ያነጠፉት፤ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚታየው ጉልበት የሚያህል ብቻ ነው። ለማስታወሻ ብሎ አንዲት ጠጠር ኪሱ የሚከት ልጅ ካለ ኪሱን ፈትሹ። እዚያ ላይ እናንተ ናችሁ ኬላዎቹ።