ግንባታው ሳያልቅ የተጀመረ ጨዋታ፦ የባሕር ዳር ስታዲየምና የሕዝብ ሕንፃዎች ርክክብ ታሪክ

በኢትዮጵያ በሕዝብ ገንዘብ የተሠሩ ስታዲየሞች ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በጨዋታ ውጤትና በተመልካች ብዛት ሲሆን፣ ሜዳው እንዴት እንደ ተገነባ፣ ምን እንደ ጎደለውና ጉድለቱን ማን መጠገን እንደሚገባው የሚናገረው ክፍል ግን በውል ሰነዶችና በክፍያ ሰርተፍኬቶች መካከል ተቀብሮ ይቀራል። ይህ ክፍል በአማራ ክልል ለሚገኘው የዋግ ኽምራ ሕዝብ የሩቅ ጉዳይ አይደለም። ከሰቆጣ ደጋ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ የሚገኘው የሰሃላ ሰየምት ወረዳ ዝናብ የሚያጥርበትና ድርቅ የሚመላለስበት ምድር ነው፤ የሰሃላ ገበሬ ለመሬቱ መጠቀሚያና ለእርሻ ገቢው የሚከፍለው ግብር ትንሽ ቢሆንም፣ የክልሉ በጀት የሁሉም ወረዳዎች የጋራ ገንዘብ በመሆኑ ባሕር ዳር ላይ የፈሰሰው ኮንክሪት ለሰሃላ የውኃ ጉድጓድ ወይም ለሰቆጣ መንገድ ሊውል ይችል ከነበረ ካዝና የወጣ ነው። ስለዚህ ስታዲየሙ ለታሰበለት አገልግሎት በቅቷል ወይስ አልበቃም የሚለው ጥያቄ ከኳስ አፍቃሪዎች ክርክር አልፎ የፍትሕ ጥያቄ ይሆናል።

የነገሩ መነሻ አዲስ አበባ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተሠርቶ በስማቸው ይጠራ የነበረው የአዲስ አበባ ስታዲየም፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የዛሬዋን ግብፅ፣ የዚያን ጊዜዋን የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክ፣ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣበት ሜዳ ነው፤ ውድድሩ በ1960 ዓ.ም. ከአሥመራ ጋር፣ በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ከድሬዳዋ ጋር እንደ ገና በዚሁ ከተማ ተካሂዷል። ተመልካቹ ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ፣ ካታንጋ ብሎ የከፋፈለው ይህ ስታዲየም በዋነኛነት ሜዳ፣ የኮንክሪት ደረጃና አንድ የክብር ትሪቡን የያዘ ሕንፃ ነበር፤ በዚያ ዘመን ዓለም አቀፍ ጨዋታ ለማስተናገድ ከዚህ ብዙ የሚበልጥ ነገር አይጠየቅም ነበር። ኢትዮጵያም ያን ጊዜ ደንብ ተቀባይ ብቻ ሳትሆን ደንብ አውጪም ነበረች፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ማለትም ካፍ፣ በ1949 ዓ.ም. ሲመሠረት ከአራቱ መሥራቾች አንዷ ስትሆን፣ ይድነቃቸው ተሰማም ድርጅቱን ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ከዚህ ታሪክ አንጻር ሲታይ፣ ይህችው አገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ ብሔራዊ ቡድኗን በገዛ ምድሯ ማጫወት አለመቻሏ ልብ የሚነካ ነው።

በመካከሉ የስታዲየም ምንነት ተለውጧል። የቴሌቪዥን ስርጭት፣ የዶፒንግ ምርመራና የደኅንነት ደንብ እየጠበቁ ሲሄዱ ስታዲየም ማለት የተመልካች መቀመጫ መሆኑ ቀርቶ የብዙ ክፍሎች ስብስብ ሆነ። ዛሬ አንድ ሜዳ የካፍን ፈቃድ ለማግኘት ቁጥር ያላቸው ነጠላ ወንበሮች፣ ለሌሊት ጨዋታ የሚበቃ መብራት፣ ደረጃውን የጠበቀ የመልበሻና የመታጠቢያ ክፍል፣ የሕክምናና የዶፒንግ መመርመሪያ ክፍል፣ የጋዜጠኞች መቀመጫና የመግለጫ አዳራሽ፣ እንዲሁም ዝናብ የማይቋጥር የሣር ሜዳ እንዲኖረው ይገደዳል። ከእነዚህ አብዛኞቹ ከውጭ የማይታዩ ናቸው፤ ፎቶግራፍ ላይ አይወጡም፣ በምረቃ ቀንም እንግዳ አያስደንቁም። የኢትዮጵያ የስታዲየም ግንባታ ችግር ሥሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ የሚታየው አካል ቀድሞ ይቆማል፣ የማይታየው ግን ለኋላ ይተዋል።

የባሕር ዳር ስታዲየም ግንባታ የተጀመረው በኢትዮጵያ ሚሌኒየም ማግሥት፣ የክልል ከተሞች ከሃምሳ ሺህ በላይ ተመልካች የሚይዙ ሜዳዎችን ለመገንባት በተነሣሡበት ወቅት ነበር። ሕንፃው በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ ስታዲየሞች አንዱ ለመሆን በቃ፤ ሰኔ 7 ቀን 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ሌሶቶን 2 ለ 1 ያሸነፈችበትን የአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያም አስተናገደ። ሆኖም የተመልካቹ ጣሪያና ሌሎች ሥራዎች ገና አላለቁም ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሜዳው ባለበት ሁኔታ ማገልገሉን ቀጠለ፤ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. አይቮሪ ኮስት 2 ለ 1 የተሸነፈችው በዚሁ ሜዳ ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2013 ዓ.ም. በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ በቴሌቪዥን መተላለፍ ሲጀምርም ባሕር ዳር ከአስተናጋጆቹ አንዷ ነበረች። የጨዋታው ድምቀት የጎደለውን ሥራ ሸፈነው፤ እያገለገለ ላለ ስታዲየም ቀሪ በጀት እንዲመደብ መጠየቅ ገና ላልተከፈተ ስታዲየም ከመጠየቅ ይከብዳልና።

ሽፋኑ የተገለጠው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ኢትዮጵያ መስከረም 29 ቀን በባሕር ዳር ከደቡብ አፍሪካ ጋር ባደረገችው የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ 3 ለ 1 ከተሸነፈች በኋላ ካፍ ስታዲየሙ መመዘኛውን አያሟላም ብሎ ስላገደው፣ ብሔራዊ ቡድኑ ኅዳር 2 ቀን ጋናን በ‹‹ሜዳው›› ያስተናገደው ጆሃንስበርግ ውስጥ ነበር። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ግብፅን 2 ለ 0 የረታበት ታላቅ ድል የተገኘው በማላዊዋ ሊሎንግዌ ሲሆን፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም. ሴራሊዮንንና ቡርኪና ፋሶን በሞሮኮዋ ኤል ጀዲዳ፣ በጳጉሜን 2016 ዓ.ም. ዴሞክራቲክ ኮንጎን በዳሬ ሰላም፣ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ግብፅን በካዛብላንካ ለማስተናገድ ተገዷል። እርግጥ በዚያ ወቅት የታገደችው ኢትዮጵያ ብቻ አልነበረችም፤ ቡርኪና ፋሶን የመሰሉ ጠንካራ ቡድን ያላቸው አገሮችም በሞሮኮ ሜዳዎች ለመጫወት ተገደዋል። ነገር ግን ሃምሳ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲየም ገንብቶ መታገድና ከመጀመሪያውም አለመገንባት እኩል አይደሉም፤ በመጀመሪያው ሁኔታ የሕዝብ ገንዘብ ወጥቷል፣ አገልግሎቱ ግን አልተገኘም።

ገንዘቡ ወጥቶ አገልግሎቱ እንዴት እንደሚቀር ለመረዳት የመንግሥት ግንባታ ውል አሠራር መታየት አለበት። የግንባታው ባለቤት የሆነው መሥሪያ ቤት ‹‹አሠሪ››፣ ሥራውን የሚሠራው ድርጅት ‹‹ሥራ ተቋራጭ››፣ በሁለቱ መካከል ሆኖ ንድፉን የሚከታተለውና የተሠራውን ለክቶ ክፍያ የሚያጸድቀው ደግሞ ‹‹አማካሪ መሐንዲስ›› ይባላል። ተቋራጩ ሥራውን ሲጀምር ቅድመ ክፍያ ይወስዳል፤ ከዚያም በየወሩ በሠራው ልክ ይከፈለዋል፤ ከየክፍያው ግን ለጉድለት ማስተካከያ የሚሆን ጥቂት መቶኛ ይያዝበታል፤ ይህም በግንባታው ሰዎች አነጋገር ሪቴንሽን የሚባለው ነው። ሥራው ሲያልቅ በመጀመሪያ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ በዚህ ጊዜ አሠሪውና መሐንዲሱ ሕንፃውን ክፍል በክፍል ዞረው የጎደለውንና የተበላሸውን ይመዘግባሉ። ተቋራጩ የተመዘገበውን አርሞ የጉድለት ማስተካከያው ጊዜ ሲያበቃ የመጨረሻው ርክክብ ይፈጸማል፤ የተያዘው ገንዘብም ይለቀቃል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ከዚህም አልፎ ይሄዳል። ስለ ማይንቀሳቀስ ንብረት ሥራ ውል በሚናገረው ክፍል፣ በአንቀጽ 3039፣ ተቋራጩ የሠራው ሥራ በሚገባ የተከናወነና ጽኑ ስለ መሆኑ ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንደሆነ ይደነግጋል፤ በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን ሕንፃው ባረፈበት መሬት ጠባይ የተነሣ ለሚደርስ ብልሽት ጭምር ኃላፊ ያደርገዋል፤ ይህን ዋስትና የሚያሳጥር ወይም የሚያስቀር የውል ቃልም ዋጋ እንዳይኖረው ያደርጋል። ሕጉ ጠንካራ ነው። ድክመቱ ያለው መነሻ ቀኑ ላይ ነው፤ አሥሩ ዓመት የሚቆጠረው ከርክክብ ሲሆን፣ ርክክቡ በግልጽ ሳይፈጸም አገልግሎት በጀመረ ሕንፃ ላይ ቀኑ የትኛው እንደሆነ ራሱ ለክርክር ይጋለጣል። አሠሪው ‹‹ገና አልተረከብኩም›› ሲል ተቋራጩ ‹‹ጨዋታ አድርገህበታል፣ ቲኬት ሸጠህበታል›› ሊለው ይችላል። የወንበሩ መሰበርና የፍሳሹ መስመር መዘጋት ከአሠራር ጉድለት ይሁን ከአጠቃቀም ለመለየትም አስቸጋሪ ይሆናል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለዓመታት የተመላለሱበት ያላለቀ ሕንፃ የመጀመሪያ ሁኔታው ምን እንደ ነበር የሚመሰክርለት ንጹሕ መዝገብ የለውምና። ያለ ርክክብ መጠቀም ጉድለትን ያለ ባለቤት ማስቀረት ነው፤ ይህ ልማድም እንደ ሲሚንቶ ጥራት ጉድለትና እንደ ንድፍ ስሕተት ሁሉ ብዙ ሊያስከፍል ይችላል።

ክርክሩ ሲነሣም መፍቻው ጠባብ ነው። በግል ግንባታዎች ባለጉዳዮች የግንባታን ነገር የሚያውቁ ገላጋይ ዳኞችን መርጠው ሊፋረዱ ይችላሉ፤ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 315 ግን ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረጉ የአስተዳደር ውሎች በግልግል እንዳይታዩ ከልክሏል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የግልግልና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237ም በሕግ ካልተፈቀደ በቀር ክልከላውን ጠብቆታል። ክልከላው የሕዝብን ገንዘብ ለመጠበቅ የታሰበ እንደሆነ አያጠራጥርም፤ ውጤቱ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳዩ በፍርድ ቤት እንዲጓተት፣ ወይም ማንም ሳይከስ በደብዳቤ ልውውጥ እንዲያረጅ ማድረግ ነው። በዚህ መካከል የብር ዋጋ ይወድቃል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲቀንስ ሲደረግና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ ከውጭ የሚመጡት መብራቶች፣ ወንበሮችና የጣሪያ ብረቶች ዋጋ በብር ሲታሰብ አሻቅቧል፤ ‹‹በኋላ ይሠራል›› ተብሎ የተተወው ሥራ ሁሉ ቀድሞ ከተያዘለት በጀት በላይ ሆኗል ማለት ነው።

የአዲስ አበባው የአደይ አበባ ብሔራዊ ስታዲየም ይህንኑ መንገድ በግልጽ ያሳያል። ከ60 ሺህ በላይ ተመልካች እንዲይዝ የታቀደው ይህ ሕንፃ በ2008 ዓ.ም. በቻይና መንግሥት የኮንስትራክሽን ኩባንያ መገንባት ሲጀምር ሥራው በምዕራፍ ተከፈለ፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ ወደ 2.5 ቢሊዮን ብር፣ በ2012 ዓ.ም. የተፈረመው ሁለተኛው ደግሞ ከ5.5 ቢሊዮን ብር በላይ የተመደበለት ነበር። ማጠናቀቂያው ከዋናው አካል እጥፍ በላይ መጠየቁ ብዙ ይናገራል። በዚህ ሁሉ መካከል ኢትዮጵያ በ2010 ዓ.ም. ተሰጥቷት የነበረውን በአገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች የአፍሪካ ሻምፒዮና፣ ማለትም የቻን፣ አስተናጋጅነት ዝግጅቷ ባለመጠናቀቁ በቀጣዩ ዓመት አጥታ ዕድሉ ለካሜሩን ተላልፏል።

ይህ የድሃ አገር ብቻ በሽታ አይደለም። የካናዳዋ ሞንትሪያል ከተማ በ1976 እ.ኤ.አ. ኦሎምፒክን ያስተናገደችው የስታዲየሙ ግንብና ተንቀሳቃሽ ጣሪያ ሳያልቁ ሲሆን፣ ግንቡ የተጠናቀቀው ውድድሩ ካለፈ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በ1987 ነው፤ ዕዳውም ተከፍሎ ያለቀው በ2006 ነበር። ልዩነቱ ሞንትሪያል ዕዳውን የምትከፍልበት ሀብት ያላት መሆኑ ነው። ከሰሃላ አቅራቢያ ያለው የተከዜ ግድብ ደግሞ ሌላ ዓይነት ትምህርት ይሰጣል። 188 ሜትር ከፍታ ያለው ይህ ግድብ ሲገነባ የመሬት መንሸራተት አጋጥሞ ተጨማሪ የድጋፍ ግድግዳ ማቆም ግድ ሆኗል፤ ወጪውም ከመጀመሪያው ግምት በላይ ሄዷል። ነገር ግን ግድብን ሳያልቅ መርቆ መደበቅ ይከብዳል፤ ጎድሎ የቀረውን ውኃው ራሱ ያጋልጠዋል። ስታዲየም ግን እንዲህ ያለ ጨካኝ መርማሪ የለውም፤ መርማሪው ሰው ብቻ ነው፣ እርሱም ከውጭ እስኪመጣ ድረስ ተጠብቋል።

ከዚህ ታሪክ የሚወጣው ፍርድ ስታዲየም መገንባት ስሕተት ነበር የሚል አይደለም፤ የባሕር ዳር ሜዳ ጨዋታ ባስተናገደባቸው ዓመታት ለክልሉ ወጣቶች የሰጠው ደስታና ኩራት እውነተኛ ነው፤ የሰቆጣ ወጣትም በዚያ ደስታ ተካፋይ ነበር። ስሕተት የሚሆነው ያለቀውና ያላለቀው ሳይለይ፣ ጉድለቱ ሳይመዘገብ፣ ቀኑ ሳይቆረጥ በር መክፈት ነው። የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ ምክር ቤትና በክልሉ ምክር ቤት የተቀመጡ የሰሃላ፣ የዝቋላ፣ የአበርገሌና የሰቆጣ ተወካዮች ለቀሪው ሥራ በጀት ሲጠየቁ ከማጽደቃቸው በፊት ሦስት ሰነዶች እንዲቀርቡላቸው የመጠየቅ መብት አላቸው፤ እነዚህም የርክክቡ ቃለ ጉባኤ፣ በርክክቡ ጊዜ የተመዘገቡት ጉድለቶች ዝርዝርና የተያዘው ገንዘብ ያለበት ሁኔታ ናቸው። ሰነዶቹ ካሉ ለሕዝብ ይገለጡ፤ ከሌሉም ከማንኛውም አዲስ ክፍያ በፊት ሕንፃው በገለልተኛ መሐንዲሶች ተመርምሮ ይመዝገብ፤ የአሥር ዓመቱ ዋስትናም ከዚያ ቀን ይቆጠር።