በፊደል ራስ ላይ ያለች ነጥብ

እሑድ ከቀትር በኋላ ኪቶ ፉርዲሳ ጸጥ ብሏል። ጀበናው ከከሰሉ ሳይወርድ፣ እኔም እንደ ሰንበት ልማዴ የግጥም ደብተሬን ዘርግቼ እርሳስ ስቀርጽ አንድ የቆየ ቂም ትዝ አለኝ። ለእናቴ መታሰቢያ የጻፍኋትን አጭር ግጥም አንድ ወዳጄ በሰው ፊት ሲያነብልኝ፣ የመጨረሻዋን ቃል «ገና»ን አጥብቆ አነበባት። እኔ «ኀዘኔ አላበቃም» ማለቴ ነበር፤ እርሱ በዓሉን አከበረበት። ሰሚው ሁሉ ሳቀ። ወዳጄን ለረጅም ጊዜ ወቀስሁት። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ ሁለቱን የሚለይ ምንም ምልክት አልነበረም።

ፊደላችን አናባቢውን በሰባት ቤት ለይቶ ሲጽፍ፣ መጥበቅንና መላላትን ለአንባቢው ይተዋል። «ሰፊ» ሲላላ ልብስ የሚሰፋው ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ያልጠበበው ነገር። «ዋና ገንዘብ ያዥ»ን አላልቶ የሚያነብ ሰው ባለሥልጣኑን ወንዝ ውስጥ ይከትተዋል (ይህ የእኛ የባንክ ሰዎች ቀልድ ነው)። በቆሎ ትምህርት ቤት መምህሩ አጠገብ ተቀምጦ ተነሹን ከወዳቂው፣ የሚጠብቀውን ከሚላላው በጆሮ ያስለያል። ጉድለቱ የሚሰማው መጽሐፍ ከመምህሩ ተለይቶ ብቻውን አገር ሲዞር ነው።

ይህን ከልብ ያሰቡበት ክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ በደረሰው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ አኖሩ። እኛ ስለ ፊደል ስንነታረክ አብዛኛውን ጊዜ ስለ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ነው፤ እኔም «ሠራ»ን በእሳቱ «ሰ» የጻፈ ሰው ሳይ ፊቴ ይለዋወጣል። እርሳቸው ግን የጎደለውንም አይተዋል። ነጥቧ ብዙ ተከታይ አላገኘችም። ወጋየሁ ንጋቱ መጽሐፉን በሬዲዮ ሲተርከው የነጥቧን ሥራ ድምፁ ሠራላት።

ጅማ ለዚህ ነገር ጥሩ መማሪያ ናት። አፋን ኦሮሞ በ1984 ዓ.ም. በቁቤ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ የሚጠብቀው ፊደል ይደገማል፤ በከተማችን ስም ውስጥ «መ» ሁለት ጊዜ ትቆማለች። ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ደግሞ ከጀበናው ውስጥ አለ። በአማርኛ «ቡና» ስንል «ና» ይጠብቃል፤ በኦሮምኛ ይላላል። የአጋሮ ገበሬና የደብረ ማርቆስ ነጋዴ አንዱን ፍሬ በሁለት አፍ ይጠሩታል፤ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ልዩነቱ አይታይም። እኔ ራሴ ስንት ዓመት ሁለቱንም ስሰማ ኖሬ ልብ አላልሁም ነበር።

ነጥቧ በኮምፒዩተር ዘመን ሌላ ዕድል አገኘች። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ አብራ አልገባችም፤ በ2005 ግን የማጥበቂያ ምልክት ተብላ የራሷ ቦታ ተሰጣት። በስልኬ የጽሕፈት ገበታ ላይ ፈልጌ አጣኋት።

ስለዚህ በእርሳስ ሆነ። የእናቴን ግጥም ከመጀመሪያው ስንኝ ጀምሬ፣ በሚጠብቀው ሁሉ ላይ ነጥብ እያኖርሁ ገለበጥሁት። «ገና» ላይ ስደርስ እጄን ሰብስቤ ባዶዋን ተውኋት። ማታ ያው ወዳጄ ለቡና መጣ፤ ወረቀቱን ሰጠሁት። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ትንሽ ተመለከተና፣

«ቡና ተረጨበት እንዴ?» አለኝ።