በሕዝብ አስተያየት የተረቀቀው የብራዚል የኢንተርኔት ሕግና የአንድ የምክር ቤት አባል ድርሻ

ብራዚል የኢንተርኔት ተጠቃሚዎችን መብትና የአገልግሎት አቅራቢዎችን ግዴታ የሚደነግገውን ሕግ ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። "ማርኮ ሲቪል ዳ ኢንተርኔት" በሚል ስያሜ የሚታወቀውና ቁጥሩ 12,965 የሆነው ይህ ሕግ ረቂቁ ገና ከመጻፉ በፊት ጀምሮ በኢንተርኔት አማካይነት ለሕዝብ አስተያየት የቀረበ በመሆኑ የብዙ አገሮችን ትኩረት ስቧል። ሆኖም የሕዝቡ አስተያየት ብቻውን ሕግ አልሆነም። ሰነዱን በተወካዮች ምክር ቤት ውስጥ ለሁለት ዓመት ያህል ተሸክመው ለድምፅ ያበቁት የሪዮ ዲ ጃኔሮ ተመራጭ አሌሳንድሮ ሞሎን ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

የጉዳዩ መነሻ በኢንተርኔት የሚፈጸሙ ወንጀሎችን የሚመለከት ሌላ ረቂቅ ነበር። የአገሪቱ ሴኔት በጁላይ 2008 ያሳለፈው ይህ ረቂቅ ተጠቃሚዎች በየዕለቱ የሚያከናውኗቸውን ተግባራት ጭምር በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል በሚል ከፍተኛ ተቃውሞ ገጥሞት፣ በኢንተርኔት የተሰበሰበው የተቃውሞ ፊርማ ከ100 ሺህ በላይ ደርሷል። የሕግ ምሁሩ ሮናልዶ ሌሞስ ቀደም ሲል በ2007 ከወንጀል ሕግ በፊት የተጠቃሚውን የፍትሐ ብሔር መብት የሚወስን ሕግ መቅደም እንዳለበት አመልክተው ነበር። ፕሬዚዳንት ሉዊዝ ኢናሲዮ ሉላ ዳ ሲልቫም በጁን 2009 በፖርቶ አሌግሬ ከተማ በተካሄደ የነፃ ሶፍትዌር ጉባኤ ላይ የወንጀል ረቂቁን ተቃወሙ። የፍትሕ ሚኒስቴር በሪዮ ዲ ጃኔሮ ከሚገኘው የጌቱሊዮ ቫርጋስ ፋውንዴሽን የሕግ ትምህርት ቤት ጋር በመሆን በኦክቶበር 2009 ምክክሩን ጀመረ።

የምክክሩ አካሄድ በሁለት ምዕራፍ የተከፈለ ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ ለሕዝብ የቀረበው በአንቀጽ የተዋቀረ ረቂቅ ሳይሆን መሠረታዊ ሐሳቦችንና ጥያቄዎችን የያዘ ጽሑፍ ሲሆን፣ ከ800 በላይ አስተያየቶች ተሰባስበዋል። ለጽሑፉ መነሻ ከሆኑት መካከል የብራዚል የኢንተርኔት አስተዳደር ኮሚቴ በዚያው ዓመት ያወጣቸው 10 መርሆዎች ይገኙበታል። በ1995 የተቋቋመው ይህ ኮሚቴ 21 አባላት ያሉት ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ የመንግሥት ወኪሎች 9 ብቻ ናቸው። አገሪቱ በ2007ና በ2015 ያስተናገደችው የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ በ2022 በአዲስ አበባ መካሄዱም ይታወሳል።

በሁለተኛው ምዕራፍ፣ በኤፕሪልና በሜይ 2010፣ ሙሉው ረቂቅ በአንቀጽ በአንቀጽ ተከፋፍሎ ቀረበ። አንባቢው አጠቃላይ ድጋፉን ወይም ተቃውሞውን ከመግለጽ ይልቅ በአንድ የተወሰነ አንቀጽ ላይ ሐሳቡን እንዲያሰፍር፣ የሌሎችንም አስተያየት አንብቦ ምላሽ እንዲሰጥ ተደርጓል። ኩባንያውም ሆነ ተራው ዜጋ የጻፈው ለሁሉም እኩል ይታይ ነበር። ለረቂቅ አዘጋጆች ትልቁ ትምህርት የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ፣ አንድ ሰው ቅሬታ ሲያቀርብ ድረ ገጹ ጽሑፉን እንዲያነሳ የሚያስገድድ ሥርዓት ይዞ ነበር። ይህ አሠራር ለማንኛውም ቅር የተሰኘ ወገን የማፈኛ በር ይከፍታል የሚል ተቃውሞ በመበርታቱ ሚኒስቴሩ አንቀጹን ለውጦ፣ ድረ ገጹ ተጠያቂ የሚሆነው የፍርድ ቤት ትእዛዝ ሳይፈጽም ሲቀር ብቻ ነው ብሎ ጻፈው። አስተያየት ሰጪው ሐሳቡ ረቂቁን ሲለውጥ በዓይኑ አየ ማለት ነው።

ረቂቁ በኦገስት 2011 ለምክር ቤት ተላከ። የታሪክ መምህርና የሕግ ባለሙያ የሆኑት ሞሎን በ2012 ረቂቁን መርምረው ለምክር ቤቱ እንዲያቀርቡ ተመደቡ። እርሳቸውም በተለያዩ ከተሞች ሕዝባዊ መድረኮችን ከማዘጋጀታቸውም በላይ፣ ጽሑፉን በምክር ቤቱ የኢንተርኔት የውይይት መድረክ ላይ እንደገና ለአስተያየት አቀረቡ። ከሁሉ ያከራከረው የኔትወርክ ገለልተኝነት ነበር። ድንጋጌው የቴሌኮም ኩባንያዎች የሚያስተላልፉትን መረጃ በይዘቱ፣ በመነሻው ወይም በመድረሻው እየለዩ እንዳያዘገዩ ወይም እንዳያግዱ ይከለክላል። ኩባንያዎቹ ተቃወሙ፤ ድምፅ መስጠቱም በተደጋጋሚ ተራዘመ።

ሁኔታውን የለወጠው የአሜሪካ የስለላ ተቋም የፕሬዚዳንት ዲልማ ሩሴፍን ግንኙነት ጭምር ይከታተል እንደነበር በሴፕቴምበር 2013 መዘገቡ ነው። ፕሬዚዳንቷ ረቂቁ በአስቸኳይ እንዲታይ ጠየቁ። በአገሪቱ ሕገ መንግሥት መሠረት እንዲህ ያለ ረቂቅ በ45 ቀናት ውስጥ ካልተወሰነበት የምክር ቤቱን ሌሎች አጀንዳዎች ያግዳል፤ ይኸው ከኦክቶበር መጨረሻ ጀምሮ ለወራት አጋጠመ። የጥምረቱ አካል የነበረው የፒኤምዲቢ ፓርቲ የምክር ቤት መሪ ኤድዋርዶ ኩኛ ተቃውሞውን መሩ።

ሞሎን በድርድሩ ሰጥተው ተቀበሉ። መንግሥት የፈለገው፣ የብራዚላውያን መረጃ በአገር ውስጥ እንዲከማች የሚያስገድደው ሐሳብ ወጣ። ከገለልተኝነት መርህ ውጪ የሚፈቀዱ ሁኔታዎችን ፕሬዚዳንቱ የሚወስኑት የኢንተርኔት አስተዳደር ኮሚቴውንና የቴሌኮም ተቆጣጣሪውን አማክረው እንዲሆን ተደረገ። የገለልተኝነቱ አንቀጽ ራሱ ግን ተረፈ። የመብት ተሟጋቾችን ያላስደሰተው፣ የግንኙነት መዝገብ ለ1 ዓመት፣ የድረ ገጾች የአጠቃቀም መዝገብ ደግሞ ለ6 ወራት እንዲቀመጥ የሚያዝዘው ድንጋጌም በሕጉ ውስጥ ገባ። ምክር ቤቱ ረቂቁን በማርች 25 ቀን 2014 ሲያጸድቅ፣ ሴኔቱ አንድ ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ተከተለ። ፕሬዚዳንት ሩሴፍም ኤፕሪል 23 ቀን በሳኦ ፓውሎ በተከፈተ ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት ጉባኤ ላይ ፈረሙበት።

የማስፈጸሚያ ድንጋጌው የወጣው ሁለት ዓመት ቆይቶ፣ ሴኔቱ ፕሬዚዳንቷን ከሥልጣን ሊያግድ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሜይ 11 ቀን 2016 ነበር። ዳኞች በዚሁ ሕግ ላይ ተመሥርተው በ2015ና በ2016 የዋትስአፕ አገልግሎትን በመላ አገሪቱ ያገዱባቸው ጊዜያትም ነበሩ፤ እገዳዎቹ በበላይ ፍርድ ቤቶች ፈጥነው ቢነሱም ሕጉ ለዚህ አልታሰበም የሚል ክርክር አስነስተዋል። በሕዝብ አስተያየት የተለወጠው የፍርድ ቤት ትእዛዝ አንቀጽ ደግሞ እስከ 2025 ጸንቶ ቆየ። በዚያ ዓመት ጁን ወር የብራዚል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ8 ለ3 የድምፅ ብልጫ አንቀጹ በከፊል ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደሚቃረን ወስኗል።